አስቴር ጋኖ፦ ስሟ ሽፋኑ ላይ ያልወጣው የጽሑፍ ጓደኛ

በዚህ ዜና መጽሔት ላይ ጽሑፍ የምናወጣ አባላት አብዛኞቻችን የምንጽፈው ማታ ነው፤ ልጆች ከተኙ፣ የነገው እንጀራ ከተጋገረ በኋላ። ከመካከላችን ልብ ወለድ የጀመሩም አሉ። በተማሪ ደብተር አንድ ሁለት ምዕራፍ ጽፈው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከልብስ ሥር አስቀምጠውታል። እነዚህ እህቶች ለምን እንዳልቀጠሉ ስንጠይቃቸው የጊዜ እጥረትን ያነሣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። የሚከብደው ብቸኝነቱ ነው። የተጻፈውን የሚሰማ፣ ይህ ቃል እዚህ ቦታ አልተመቸውም ብሎ የሚያርም፣ ነገስ ምን ይሆናሉ ብሎ የሚጓጓ ሰው የለም። የዚህን እትም የሕይወት ታሪክ የመረጥነው ይህን እያሰብን ነው።

አምቦ ላይ ስለ ደራሲ ወሬ ከተነሣ መጀመሪያ የሚጠራው የቦዳው ልጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ይገባዋልም። ጸጋዬ ግን ስሙ የገነነው ከግጥሙ ጋር በተውኔቱ ነው፤ ተውኔት ደግሞ ያለ ተዋናይ መድረክ ላይ አይቆምም። የቴአትር ጸሐፊ ጓደኞቹን ሥራው ራሱ ያመጣለታል። እኛ የፈለግነው ወረቀትና ቀለም ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው የሥራ ጓደኛ እንዴት እንደሚያገኝ የሚያሳየንን ሕይወት ነው። ለዚህ ከአምቦ ተነሥተን በጉደር፣ በጌዶና በባኮ አልፈን ነቀምት ድረስ መሄድ ነበረብን። ብዙዎቻችሁ ለንግድ የምትመላለሱበት መንገድ ስለሆነ ሩቅ አይመስላችሁም። አስቴር ጋኖ ረጅሙን የሕይወቷን ክፍል ያስተማረችው እዚያ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እንበል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል፤ የሚሲዮኑ መዝገቦች በዚያ ስለተያዙ ነው። አስቴርንም ሆነ አብሯት የሠራውን ኦኔሲሞስን በአንቱታ አለመጥራታችን ደግሞ እንደ ቤተሰብ ስለቆጠርናቸው ነው፤ ታላላቆቻችን እንደ ድፍረት አይዩብን።

አስቴር የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። ስትወለድ ነጻ ሰው ነበረች። በኋላ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነች፤ ቀጥሎም ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ተጫነች። በ1886 የጣሊያን መርከቦች ያንን ጀልባ ባሕር ላይ ያዙትና ነጻ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ በሚባል ስፍራ ወደነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ወሰዷት። ዕድሜዋ ያኔ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ነው።

በሂሳብ ሥራ ለምንተዳደር ሴቶች እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከብደናል። ያቺ ልጅ ጀልባው ላይ ሳለች ዋጋ የሚቆረጥላት ዕቃ ነበረች፤ ቤተሰቧን፣ መንደሯንና ዘመዶቿን ሁሉ ተነጥቃለች። ባለቤት ሊቀያየርበት ያልቻለ አንድ ንብረት ግን ይዛ ነበር፤ እሱም አፍ የፈታችበት ቋንቋ ነው።

እምኩሉ ከእሷ ቀድሞ የደረሰ ሌላ ኦሮሞ ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለደው ኢሉባቦር ውስጥ፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ሲሆን ትርጉሙ ተርጓሚ፣ ፈቺ ማለት ነው። በአራት ዓመቱ አባቱ ሞተበት። በኋላም ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱት፤ ስምንት ጌቶች ተፈራርቀውበት በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ስዊድን ሄዶም አምስት ዓመት ተማረና ተመለሰ። ወደ ወገኖቹ አገር ለመግባት ደጋግሞ ሞክሮ አልተሳካለትም። አንድ ጊዜ እንጦጦ ድረስ ከደረሰ በኋላ እንዲመለስ ታዞ ወደ ምጽዋ ወረደ። ይህ የሆነው አስቴር ከጀልባው በወረደችበት በዚያው በ1886 ነው። አገሩን ሊያይ ሄዶ በር የተዘጋበትና ከአገሯ ተነጥቃ የመጣችው በአንድ ግቢ ተገናኙ።

ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ተነሥቶ ነበር። በትምህርትም በትጋትም የሚታማ ሰው አልነበረም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከወገኖቹ መካከል ስላልኖረ፣ የቋንቋውን አነጋገርና ፈሊጥ ለትርጉም በሚያበቃ መጠን አልያዘውም። ይህ የማንኛችንም ችግር ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ያደጉ የአጎቶቻችን ልጆች ለበዓል ሲመጡ ኦሮምኛው ይገባቸዋል፤ ሰላምታም ይሰጣሉ፤ አያታቸው ስትመርቅ ግን ምርቃቱ ግማሹ ያመልጣቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ቃል ይፈልጋል እንጂ ቃል አይመጣለትም።

አስቴር ግን ቃሉ ነበራት። ትምህርቷን እንደጨረሰች ኦኔሲሞስ ሁለት ነገር አየባት፤ ፈጣን አእምሮና ለኦሮምኛ ያላት ልዩ ስሜት። መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነበር። ያ መዝገበ ቃላት የአዲስ ኪዳኑን ትርጉም ለማረም አገለገለ። ትርጉሙ እዚያው እምኩሉ ታትሞ በ1893 ወጣ።

መዝገበ ቃላት መሥራት ደረቅ ነገር የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ነው። እስቲ ዛሬ ማታ በኩሽና ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ስም ብቻ ጻፉ። ሃያ ላይ ስትደርሱ ትቆማላችሁ። አጠገባችሁ እናታችሁ ካሉ ግን አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ ገጹ ይሞላል፤ የምጣዱ ማሰሻ የዘይቱን ፍሬ፣ ፍሬው ደግሞ የሚዘራበትን ወር ያስታውሳል። የተረሳ ቃል የሚወጣው በጨዋታ ነው። አስቴርም ከአገሯ ርቃ፣ ሙቀቱ ከማይለቅ የባሕር ዳር፣ የደጋዋን አገር ቃላት አንድ በአንድ ስታስታውስ አጠገቧ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው ባይኖር ምን ያህሉን ታወጣው ነበር? በግቢው ከኦኔሲሞስ ሌላ እንደ እሷ ከባርነት የወጡ ኦሮሞዎች ነበሩ። ሊድያ ደምቦና ፌቤን ሂርጴ በስም ከሚታወቁት ሴቶች ናቸው። ይህ ነጥብ ሊታለፍ አይገባም፤ በዚያ ግቢ የጽሑፍ ማኅበር ነበር ማለት ይቻላል፣ ምንም ስም አይኑረው እንጂ።

አስቴር በቃላት አላቆመችም። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩ አምስት መቶ የኦሮሞ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ጻፈች። ብዙዎቹ በ1894 ጀልቀበ በርሲሳ በተባለው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ታተሙ።

ከእነዚህ ውስጥ እኛ ልባችን የሄደው ወደ እንቆቅልሹ ነው። አምቦም ሆነ ጊንጪ ወይም ባኮ ያደገ ሰው ሕጉን ያውቀዋል። አንዷ ሂቦ ትላለች፤ ሌላዋ ሂቢካ ብላ ትቀበላለች። በአማርኛውም እንቆቅልሽ ላለ ሰው ምን አውቅልህ የሚል ካልተገኘ ነገሩ አይጀመርም። መላሹ ካልቻለ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው የተሰጠውን አገር ከተቀበለ በኋላ ነው ፍቺውን የሚናገረው። ለብቻ እንቆቅልሽ የለም። ተረትም እንዲሁ ነው፤ አድማጩ ዝም ካለ ተራኪው ተኛህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኛ ሥነ ጽሑፍ የሚባለውን በትምህርት ቤት ስንማር ጸሐፊው ብቻውን ክፍል ዘግቶ እንደሚቀመጥ ሆኖ ነው የተነገረን። ከዚያ በፊት የነበረው የአገራችን ድርሰት ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አስቴር ያንን የሁለት ሰው ድርሰት ነው ወደ ወረቀት ያመጣችው።

እዚህ ላይ ስለ ጽሕፈቱ ራሱ ትንሽ ማለት እንወዳለን። የጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም፤ በአማርኛ ገና ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን ያልደረሰውን ጊዜ አንባቢው ራሱ ይገምታል። በኦሮምኛ ነገሩ ይብሳል። ደጋ ማለትና መጥፎ ማለት የሚለያዩት በአንዲት ድምፅ መጥበቅ ነው፤ በጋና ኩራትም የሚለያዩት በአናባቢ መርዘምና ማጠር ነው። በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም ጥንዶች አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በዓይን ብቻ አይታረምም። አንዱ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ሌላው ጆሮውን ሰጥቶ መስማት አለበት። በዚህ ሥራ ጓደኛ ማግኘት የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም።

ኦኔሲሞስና አስቴር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንና የመዝሙር መጽሐፍንም ወደ ኦሮምኛ አመጡ። በመጨረሻ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ተተርጉሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሴንት ክሪሾና ታተመ። ልብ ለሚል አንባቢ አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ፦ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ሮም የታተመው በ1908 ነው። አንዲት ከባርነት የወጣች ወጣት የሰበሰበቻቸው ተረቶች ከዚያ አሥራ አራት ዓመት ቀድመው በመጽሐፍ ወጥተው ነበር። ስለ አገራችን የልብ ወለድ አጀማመር የሚነገረን ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ እሷን አያነሣም።

አሁን ወደሚያሳስበን ጉዳይ እንግባ። በመጽሐፍ ቅዱሱ የርእስ ገጽ ላይ ተርጓሚ ተብሎ የሰፈረው ኦኔሲሞስ ነው። ታሪክም ሥራውን ለእሱ ሰጥቶ ኖሯል። በጉዳዩ ላይ የጻፉ ሰዎች የአስቴር ድርሻ በሚገባው መጠን እንዳልታወቀላት ይናገራሉ።

በማኅበራችን የቁጠባ መዝገብ ሃያ ብር ያስገባች ሴት ሃያ ብሯ በስሟ ይመዘገባል። ሊቀመንበሯ ገንዘቡን ባንክ ስለወሰደችው የሊቀመንበሯ አይሆንም። በሳምንቱ ያላስገባችም ስሟ ትይዩ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ስሟ ግን አይፋቅም። ይህን የምናደርገው ጠብ ስለምንፈራ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ መዝገቡ መዝገብ ስለማይባል ነው። በዚህ ሚዛን ብንሄድ የ1899ኙ ገጽ ጎደሎ መዝገብ ነው።

ይህን ስንል ኦኔሲሞስን ሌባ ማድረጋችን አይደለም። ሸክሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሸከመ፣ ቋንቋዎቹን ያጠና፣ ለሥራው ዕድሜውን የሰጠ ሰው ነው። ያ ልማድ የእሱ ብቻም አልነበረም። የሩሲያው ቶልስቶይ ጦርነትና ሰላም የተባለውን ግዙፍ ልብ ወለድ ሲጽፍ፣ የተሰረዘና የተደለዘ ረቂቁን ደጋግማ በእጇ የገለበጠችው ሚስቱ ሶፊያ ነበረች። የዓለም መጻሕፍት ቤት እንዲህ ባሉ ሴቶች የተሞላ ነው። ሆኖም አስቴር ገልባጭ ብቻ አልነበረችም፤ ቃሉን ያመጣችው እሷ ናት። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። ጓደኝነቱ የእኩዮች አልነበረም። እሱ አስተማሪ፣ ባሕር ማዶ የተማረ፣ በዕድሜም አሥራ አምስት ዓመት ያህል የሚበልጣት ነው። እሷ ተማሪ፣ ወጣት፣ ሴት፣ ትናንት ከባርነት የወጣች። ታዲያ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ታናሺቱ እውቀቷን ትሰጣለች፤ ስሙን ታላቁ ይወስዳል። እኛ በየስብሰባው የምናየው ነው። ሐሳቡን ያመነጨችው ጥግ ላይ የተቀመጠችው ናት፤ በቃለ ጉባኤ የሚሰፍረው ግን ጮክ ብላ የደገመችው ስም ነው። ለለጋሾቻችን በየመንፈቁ በምንልከው ሪፖርት ውስጥም ስንት ሴቶች ሠለጠኑ የሚል ሠንጠረዥ አለ እንጂ ማን ለማን አሰበች የሚል የለም። ይኑር ብለን አንጠይቅም፤ እንዴት እንደሚሞላም አናውቅ። ግን ክፍተቱ አለ።

በ1904 አስቴርና ኦኔሲሞስ ከሌሎች ኦሮሞዎች ጋር ኤርትራን ለቀው ወለጋ ገቡ። የነቀምቱ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስሙ ኩምሳ ሞረዳ፣ ተቀበላቸው። ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አስቴር አስተማሪ ሆነች። ልጆቹ እጅ የገባው ማንበቢያ እሷ የሰበሰበቻቸው ተረቶች ያሉበት ነበር። ይህን ቆም ብሎ ማሰብ ደስ ይላል። ተረቱ ከወለጋና ከጊቤ አካባቢ በአንዲት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ቀይ ባሕር ድረስ ሄደ፤ እዚያ መጽሐፍ ሆነ፤ ከሃያ ዓመት ግድም በኋላ ወደ ምዕራቡ አገር ተመልሶ ልጆች ቆጠሩበት።

ኑሮው ግን ሰላማዊ አልነበረም። በኦሮምኛ መስበኩ ከካህናት ጋር ስላጋጨው ኦኔሲሞስ ተከስሶ በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበና እንዲሰደድ ተፈረደበት። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ነቀምት እንዲመለስ ፈቀዱ፤ መስበክ ግን ተከለከለ። የማስተማሩ ሥራ ቀጠለ። ስለ ክሱ የተጻፈው ብዙ ነው፤ በየዕለቱ ጠዋት በር ከፍታ ልጆቹን ስላስቀመጠችው አስተማሪ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ኦኔሲሞስ በ1931 ሞተ። አስቴር ከእሱ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረች። የጣሊያንን ወረራ አየች፤ ነጻነቱንም አየች። በ1944 የሚሲዮኖችን ሥራ የሚመራ ደንብ ወጥቶ የማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ እንዲሆን ሲደነገግ በሕይወት ነበረች። ኦሮምኛ ከትምህርት ቤት ወጣ፤ የማንበቢያ መጽሐፉም ከጠረጴዛ ተነሣ። በሥራ ጓደኝነት ውስጥ ሰው የማያስበው ክፍል ይህ ነው። አንዱ ቀድሞ ይሄዳል፤ የቀረችው ሁለቱ የሠሩትን ሥራ ዕጣ ብቻዋን ታያለች። አስቴር በ1964 አረፈች፤ ዘጠና ዓመት አልፏት ነበር።

ዛሬ ልጆቻችን በኦሮምኛ የሚማሩት በቁቤ ነው። ስለዚህ የአስቴርን መጽሐፍ ዋናውን ቅጂ ቢያገኙት እንኳ ፊደሉ ያግዳቸዋል። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል የቆጠሩ እናቶቻችን ደግሞ ፊደሉን ያነቡታል። ልጅና አያት አንድ ገጽ ላይ ቢቀመጡ አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ በቁቤ ትገለብጣለች። አስቴር የጻፈችው ሁሉ ደግሞ አልታተመም። ከሰበሰበችው የሕዝብ ሥነ ቃል ብዙው በስዊድናዊው የሃይላንደር ቤተሰብ እጅ በጽሑፍ ተጠብቆ የቆየ እንጂ መጽሐፍ ሆኖ የወጣ አይደለም።

ለሚቀጥለው እትም የሥነ ቃል ገጽ ለመክፈት አስበናል። እንቆቅልሽ፣ ተረት ወይም የሥራ ዘፈን ከእናታችሁ፣ ከአማታችሁ ወይም ከጎረቤት ሰምታችሁ በኦሮምኛም በአማርኛም መላክ ትችላላችሁ፤ በግዕዝም በቁቤም እንቀበላለን። ልብ ወለድ የጀመራችሁም ደብተሩን ከቁም ሣጥን አውጥታችሁ ወርኃዊ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይዛችሁ ቆዩ፤ ቡና ይፈላል፣ የሚሰማም አለ። የምትልኩት ወረቀት ላይ ሁለት ስም መስፈር አለበት፤ የነገረችውና የጻፈችው። አንድ ስም ብቻ ይዞ የመጣውን ለላኪዋ እንመልሳለን።